የመምህራን መምህር፦ አባ ኢየሱስ ሞዐ

ከላሊበላ ተነሥተን በወልዲያ በኩል ወደ ደሴ ስንሄድ፣ ደሴ ከመድረሳችን በፊት ሐይቅ ከተማን እናልፋለን። እኛ የላስታ ልጆች በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል! ታዲያ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለው ገዳም ውስጥ አንድ ትልቅ የመምህራን ማሠልጠኛ እንደነበረ ስንቶቻችን አስበናል? ዛሬ የዚያን ትምህርት ቤት መሥራች የአባ ኢየሱስ ሞዐን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን።

የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ንጉሥ ላሊበላ በሮሃ በነገሡበት ዘመን፣ በቤጌምድር ዳህና በተባለ ቦታ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ የሄዱት ዕድሜያቸው ሠላሳ ሲሞላ ገደማ ነበር። እንግዲህ ከእኛ ባሥር ዓመት በልጠው ተማሪ ሆኑ ማለት ነው። በገመድ ተስበው በሚወጡበት በዚያ አምባ ላይ፣ በአባ ዮሐኒ እጅ ሰባት ዓመት ተቀመጡ። ሥርዓቱን ተማሩ፤ መጽሐፍ መገልበጥም ያዙ። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ፊደል በፊደል በእጅ የሚጻፍ ነው። የገለበጠው ሰው ሳይወድ በግዱ ያጠናዋል።

እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ገዳሙን አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። የተማሩት ታዲያ እዚያው ተሰብስበው አልቀሩም። ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። የሐይቁ ትምህርት ቤት ተማሪ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ይወልድ ነበር።

በ1270 የዛጉዌ መንግሥት አብቅቶ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ አባ ኢየሱስ ሞዐ ረድተዋቸዋል ይባላል። የላስታን መንግሥት ያስለቀቁትን ሰው አሞገሳችሁ የሚለን ያገር ልጅ አይጠፋም። ይበለን።

እኛን የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ፣ የመምህራቸው መምህር ወደሆኑት ወደ አባ ዮሐኒ ተሻገሩ። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚነገረው፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከአባ ዮሐኒ የተቀበሉት ቀሚስና ቅናት ብቻ ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት ግን ቆብና አስኬማ ጨምረው ተቀበሉ። ሐይቅ ሲመለሱ መምህሩ ይህን ከገዛ ተማሪያቸው እጅ ተቀበሉ። በሐይቅ በኩል የሚነገረው ከዚህ ይለያል፤ የትኛው ገዳም አባት፣ የትኛው ልጅ ነው የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቷል። እኛ ዳኛ አይደለንም። ቢሆንም ትውፊቱ መምህሩን የሚያዋርድ ሆኖ አልታየንም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚያስከብራቸው ይኼ ነው ባይ ነን።

እኛ ተመርቀን ስንወጣ ለሙያ ማሻሻያ ሥልጠና እንጠራለን። የአሠልጣኞቻችን አሠልጣኝስ ማነው? በልምምድ ማስተማር ጊዜ እኛ ጠመኔ ይዘን ከፊት እንቆማለን፤ አሠልጣኙ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስሕተታችንን ይጽፋል። ተገቢ ነው፤ ስሕተታችንም ብዙ ነው። ግን አልፎ አልፎ ከተማሪዎቹ አንዱ በጠየቀው ጥያቄ ተገርሞ፣ ወይም እኛ ባጋጣሚ ባመጣነው ምሳሌ ተደስቶ፣ ለራሱ የሚጽፍ አሠልጣኝ ያጋጥመናል። ትምህርቱ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ ያንን ምሳሌ ከየት አመጣችሁት ብሎ ይጠይቀናል። ያን ቀን ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ፣ ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ አራቱን ወንጌላት አስጽፈው ለገዳሙ ሰጡ። ያረፉት በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ሲሆን በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይታሰባሉ። ወንጌሉ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ላይ ተመዝግቧል።