ሹመቱም ሀብቱም ሄደ፣ ድምፁ ቀረ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው የአንድ ትልቅ ሰው ታሪክ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ አትቆጩም።

እስቲ አንድ ጥያቄ እናስቀድም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀረጸው መቼ ይመስላችኋል? ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ጥላሁን፣ ምኒልክ ወስናቸው፣ ብዙነሽ በቀለ የነገሡበት ዘመን ነው። እውነቱ ግን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። ዘመኑ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ የነበሩበት ነው፣ 1900 ዓ.ም አካባቢ። ቦታው ደግሞ አዲስ አበባ አይደለም፤ ጀርመን፣ በርሊን ነው። ዘፋኙም ለዘፈን ብሎ አልሄደም። የሄደው መኪና ሊማር ነው!

ይህ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም ምንጃር ውስጥ ነው። ወጣት ሆነው ያዩት ዘመን አገሪቱ ብዙ አዳዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ያየችበት ነው። ስልክ ገባ፣ ባንክ ተከፈተ፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል አቋቋሙ፣ የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1900 ዓ.ም ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ አዲስ ነገር ይወዳሉ። መኪናውን ወደዱት። ግን መኪና እንደ በቅሎ አይደለም። ሲቆም ገለባ ብትሰጠው አይነሳም። የሚነዳውና የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ተሰማ ሙያውን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። የዚያን ዘመን መንገደኛ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ነው የሚጓዘው፤ ባቡሩ ገና ሸገር አልደረሰም። ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ አውሮፓ። ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ነው።

ተሰማ ግን ባዶ እጃቸውን የሄዱ ሰው አልነበሩም። ግጥም አዋቂ ናቸው። ሰምና ወርቁን ያውቁበታል፤ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ስንኝ ከአፋቸው ይፈስሳል። ማሲንቆም ይጫወታሉ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን አዝማሪ የሚለው ቃል ከሙያ መጠሪያነቱ ይልቅ ስድብነቱ ይብስ ነበር። ሰው በአዝማሪ ጨዋታ ይደሰታል፣ ይሸልማል፣ ልጁ አዝማሪ ልሁን ቢለው ግን ያብዳል። ለቤተ መንግሥት ቅርብ የሆነ ሰው ማሲንቆ ይዞ መዝፈኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ተሰማ ግን አልደበቁትም።

በርሊን ውስጥ የሸክላ ሥራ ያኔ ትኩስ ንግድ ነበር። የጀርመን ኩባንያዎች የዓለምን ሁሉ ዘፈን እያደኑ ይቀርጹ ነበር። ተሰማም እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ በማሲንቆ እየታጀቡ በርካታ ዘፈኖችን አስቀረጹ። እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ለገበያ የቀረቡ ቅጂዎች ናቸው። በእርግጥ ከዚያ በፊት የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ በፎኖግራፍ ተቀርጾ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተልኳል። ያ ግን መልእክት ነው። ዘፈን ሆኖ፣ በሸክላ ታትሞ፣ ለሽያጭ የወጣው የተሰማ ነው።

አሁን ስቱዲዮውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ማይክራፎን የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ቀረጻ የገባው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዘፋኙ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቀንድ የሚመስል የብረት መለከት ይቀመጣል። አፍህን ወደዚያ አድርገህ ድምፅህን ታወጣለህ። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ ቀጭን ስስ ነገር ያንቀጠቅጣል፣ እሱ መርፌውን ይገፋል፣ መርፌው የሚሽከረከር ሰም ላይ ይቧጭራል። በቃ፣ ይሄው ነው። ከተሳሳትክ ቆርጦ መቀጠል የለም፣ ኤዲቲንግ የለም፣ ኦቶቲዩን የለም። እንደገና ሀ ብለህ ነው የምትጀምረው። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ደግሞ ቢበዛ ሦስት፣ አራት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እያዋዛ መጫወት ለለመደ ሰው ይህ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምኒልክ ግን ታመው ነበር፣ ብዙም ሳይቆዩ በ1906 ዓ.ም አረፉ። ሥልጣኑ ወደ ወጣቱ የልጅ ልጃቸው ወደ ልጅ ኢያሱ ዞረ። ተሰማ ከልጅ ኢያሱ በአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ይበልጣሉ፣ ቢሆንም በጣም ተቀራረቡ። ወጣቱ መሪ ጨዋታ ይወዳል፣ መኪና ይወዳል፣ አዲስ ነገር ይወዳል። ተሰማ ሁሉንም ነበሯቸው። ነጋድራስ ተብለው ተሾሙ፤ ይህ የነጋዴውና የቀረጡ አለቃ የሚያደርግ ትልቅ ሹመት ነው። በኋላም የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትር ሆኑ። መኪና ሊማር ከአገር የወጣው ማሲንቆ ተጫዋች ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ከአንድ ሰው ጋር የወጣ፣ ከዚያው ሰው ጋር ይወርዳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። በወሩ ሰገሌ ላይ ጦርነት ተደርጎ የልጅ ኢያሱ ወገን ተሸነፈ። ለኢያሱ ቅርብ የነበረ ሁሉ ፀሐይ ጠለቀችበት። ነጋድራስ ተሰማም ሹመታቸውን አጡ፣ ንብረታቸውን አጡ፣ እስርና ግዞትም ደረሰባቸው። ያኔ ገና አርባ ዓመታቸው ነበር።

ብዙ ታሪክ እዚህ ጋ ያበቃል። የእሳቸው ግን አላበቃም። ከዚያ በኋላ አርባ ስምንት ዓመት ኖረዋል! ከሹመት ዘመናቸው በብዙ እጥፍ የሚረዝም ዕድሜ ነው። ባለሥልጣን አይደሉም። ባለሀብት አይደሉም። ግጥሙና ጨዋታው ግን አብሯቸው ነበር። ይህን የሚወርስ መንግሥት የለም። ስንኞቻቸው ከሰው ወደ ሰው በቃል ይተላለፉ ነበር፣ ሰምና ወርቅ ሲነሳ የተሰማ ስም አብሮ ይነሳ ነበር።

በዚያ የመከራ ዘመን ደግሞ አንድ ልጅ ተወለደላቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ውስጥ። ስሙ ይድነቃቸው። አዎ፣ የኳስ አፍቃሪዎች ገብቷችኋል፤ ይድነቃቸው ተሰማ! የቅዱስ ጊዮርጊሱ ኮከብ፣ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ የዘረኛውን የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ከኳስ ሜዳ ለማስወጣት የታገሉት ጀግና። ብዙዎቻችን የልጁን ስም እየጠራን አባትየውን ሳናውቅ ነው ያደግነው። ስሙ ውስጥ ግን ሁልጊዜም ነበሩ።

ነጋድራስ ተሰማ ኅዳር 1957 ዓ.ም በ88 ዓመታቸው አረፉ። እዚህ አገር ቤት የራሳችን ሰው ሸክላ እያሳተመ መሸጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው በ1961 ዓ.ም ነበር። እሳቸው ግን ስድሳ ዓመት ቀድመው ሠርተውታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዴት እኛ ጋ ደረሰ? በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ልጃቸው ነው። ያ ሁሉ የአፍሪካ ኳስ ጣጣ ያለበት ሰው የአባቱን ግጥሞች ሰበሰበ። ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም አረፈ፣ የሰበሰበው ግን ከሞተ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ባይሰበስበው ኖሮ ያ ሁሉ ስንኝ ከሰሙት ሽማግሌዎች ጋር አብሮ ይቀበር ነበር።

ሁለተኛው ሸክላው ነው። የበርሊኑ ቅጂዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ተፈልገው ተገኙ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሥራ ቁጥር 27 ሆነው በሲዲ ወጡ። ዛሬ የተሰማን ድምፅ መስማት ይቻላል። ይንኮሻኮሻል፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ግን እሳቸው ናቸው። ምኒልክ በሕይወት እያሉ የዘፈነ ሰው በጆሯችን ውስጥ ይዘፍናል።

እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ይህን ነው። ነጋድራስ ተሰማ ዘላለም ይኖራል ብለው የሚያስቡት ነገር ቢኖር ሹመታቸው ሊሆን ይችል ነበር። ሹመቱ ጥቂት ዓመት ነው የቆየው። የቀረው በትርፍ ጊዜያቸው፣ ሰው በሚንቀው ሙያ፣ ቀንድ ፊት ቆመው የዘፈኗት ሦስት ደቂቃ ናት። ስለዚህ ወዳጄ፣ ሰው ናቀው ብለህ የያዝከውን ችሎታ አትደብቀው። አንተም እህቴ፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

ሌላም አለ። ተሰማ ድምፃቸውን ለማስቀረት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። እኛ ኪሳችን ውስጥ አለ። አያትህ የሚያውቁት ቀረርቶ አለ፣ አያትሽ የሚያንጎራጉሩት እሹሩሩ አለ፣ ጎረቤት ያሉት ሽማግሌ ክራር ይመታሉ። የዛሬ ዓመት ላይኖሩ ይችላሉ። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱ። ስማቸውን፣ ቦታውን፣ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ፤ ስም የሌለው ቅጂ ከርሞ የማንም ይሆናል።

ካነበባችሁት ለወዳጅ አጋሩት። የቀዳችሁት ካለም በአስተያየት መስጫው ንገሩን፣ እኛም መስማት እንፈልጋለን።