ያንግ ጓንግ (የሱዊ ንጉሠ ነገሥት ያንግ)

ያንግ ጓንግ (569–618 እ.ኤ.አ.) ከ604 እስከ 618 የገዛ የቻይና ሱዊ ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥት ነበረ። በይበልጥ የሚታወቀው የቻይናን ሰሜንና ደቡብ በውኃ ያገናኘውን ታላቁን ቦይ በማስቆፈሩ ነው። ቦዩ ከእርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገሪቱ ዋና የእህል መንገድ ሆኖ አገልግሏል፤ ለሥራው የተከፈለው ዋጋ ግን ለራሱ መንግሥት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከንግሥና በፊት

ያንግ ጓንግ የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የንጉሠ ነገሥት ወን ሁለተኛ ልጅ ነበረ። በ589 ገና 20 ዓመት ገደማ ሳለ፣ በደቡብ የነበረውን የቸን መንግሥት የወጋው ጦር የበላይ አዛዥ ሆነ። በዚህ ድል ለ270 ዓመታት ያህል ተከፋፍላ የቆየችው ቻይና እንደገና አንድ ሆነች። ከዚያም ያንግትዜ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ጅያንግዱ (የዛሬዋ ያንግጆው) ተቀምጦ ደቡቡን ለዓመታት አስተዳደረ። ሚስቱም ከደቡብ ነገሥታት ዘር ነበረች። በ600 ታላቅ ወንድሙ ያንግ ዮንግ ሲሻር አልጋ ወራሽ ተባለ፣ በ604 አባቱ ሲሞት ነገሠ። አንዳንድ የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች አባቱን አስገድሏል ብለው ይጠረጥሩታል፤ ይህ ግን አልተረጋገጠም።

የቦዩ ሥራ

የቻይና ታላላቅ ወንዞች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚፈሱ ሰሜንንና ደቡብን የሚያገናኝ የተፈጥሮ የውኃ መንገድ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱና ጦሩ በሰሜን ሲሆኑ ሩዝ በብዛት የሚመረተው በደቡብ ነበር። እህልን በጋሪ ማመላለስ ብዙ ወጪና ጊዜ ይፈጅ ስለነበር ያንግ ጓንግ የቆዩ ቦዮችን በማስፋትና አዳዲስ በመቆፈር አንድ መስመር አበጀ፦

* ቶንግጂ ቦይ (605)፦ ከሉዎያንግ በቢጫ ወንዝ በኩል እስከ ኋይ ወንዝ።
* ሀንጎው ቦይ (605)፦ ከኋይ ወንዝ እስከ ያንግትዜ። መጀመሪያ የተቆፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ486 በዉ ንጉሥ ፉቻይ ትእዛዝ ሲሆን ያንግ ጓንግ አሳደሰው።
* ዮንግጂ ቦይ (608)፦ ከቢጫ ወንዝ አካባቢ ወደ ሰሜን እስከ ጁዎጁን (በዛሬዋ ቤይጂንግ አካባቢ)።
* ጅያንግናን ቦይ (610)፦ ከያንግትዜ ወደ ደቡብ እስከ ሀንግጆው።

ሁሉም ሲደመር ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ነበረ። የቻይና ዜና መዋዕሎች እንደሚሉት ለቶንግጂ ቦይ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በግዴታ ወጣ፤ ሥራውም በጥቂት ወራት ተጠናቀቀ። ለዮንግጂ ቦይ ወንዶች ስላልበቁ ሴቶችም ተመለመሉ። በዚያው በ605 ንጉሡ ባለአራት ፎቅ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ብዙ ሺህ መርከቦች አስከትሎ ወደ ጅያንግዱ ወረደ። በመንገዱ ያለው ሕዝብ ይህን ሁሉ ሰው የመቀለብ ግዴታ ነበረበት።

ውድቀቱ

ዮንግጂ ቦይ ስንቅና ሰራዊት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለማድረስ አመቺ ነበረ። ያንግ ጓንግ በ612፣ በ613 እና በ614 በኮርያ ልሳነ ምድርና በማንቹሪያ የነበረውን የጎጉርዮ መንግሥት ቢወጋም አልቀናውም። በ611 ቢጫ ወንዝ አካባቢውን አጥለቅልቆ ስለነበር ገበሬው በረሃብ፣ በቁፋሮና በዘመቻ ተሰላችቶ ማመፅ ጀመረ። በ613 የስንቁን ማመላለሻ የሚቆጣጠረው ሹም ያንግ ሽዋንጋን ራሱ ሸፈተ። በ617 ዓመፀኛው ሊ ሚ በሉዎያንግ አቅራቢያ የነበረውን ታላቁን የሉዎኮው ጎተራ ይዞ እህሉን ለተራበው ሕዝብ ከፈተ። በቦዩ እየተጓጓዘ የተከማቸው እህልም የንጉሡን ጠላቶች መገበ።

ያንግ ጓንግ ግን በ616 በዚያው ቦይ ወደ ጅያንግዱ ሄዶ አልተመለሰም። ወደ ሰሜን አገራቸው ለመመለስ የናፈቁት የራሱ ዘበኞች በዩዌን ኋጂ መሪነት አምፀው በ618 ገደሉት። በዚያው ዓመት ሊ ዩዋን የታንግን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። «ያንግ» የሚለው የንግሥና ስምም ከሞቱ በኋላ ለነቀፋ የተሰጠው እንጂ የቤተሰቡ ስም አይደለም፤ ሁለቱ በቻይንኛ በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ።

ከሞቱ በኋላ

የታንግና የሶንግ መንግሥታት ዋና ከተሞቻቸውን የቀለቡት በአብዛኛው በዚህ ቦይ በመጣ የደቡብ እህል ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የዩዋን ነገሥታት መስመሩን አሳጥረው በቀጥታ ወደ ቤይጂንግ ወሰዱት። የያንግ ጓንግ መቃብር በ2013 በያንግጆው ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ታላቁን ቦይ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አንዳንድ ክፍሎቹ ዛሬም ጭነት ይመላለስባቸዋል።