ስኖሪ ስቱርሉሶን፤ የአባቶቹን አፈ ታሪክ በብዕር ያዳነ ሰው

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ ከሚያጠናቸው ቃላት መካከል የሳምንቱ ቀኖች ስም ይገኝበታል። ረቡዕን ዌንስዴይ፥ ኀሙስን ተርስዴይ፥ ዓርብን ፍራይዴይ እያልን በቃላችን እንይዛለን እንጂ ስሞቹ ከወዴት እንደ መጡ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የመጀመሪያው የኦዲን፥ ሁለተኛው የቶር፥ ሦስተኛው የፍሪግ ቀን ማለት ነው። እነዚህም የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ያመልኳቸው የነበሩ አማልክት ናቸው። ስለ እነርሱ ዛሬ ከሚታወቀው ታሪክ እጅግ ብዙው የደረሰን በአንድ የአይስላንድ ሰው ድካም ነው። ስሙ ስኖሪ ስቱርሉሶን ይባላል። የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፥ በረዶና እሳተ ገሞራ ጎን ለጎን የሚታዩባት ደሴት ናት። ከ870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በይበልጥ ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ሰፈሩባት። ንጉሥ አልነበራቸውም፤ በ930 ዓ.ም. ገደማ አልቲንግ የተባለ ሸንጎ አቋቁመው በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ይመክሩና ይፈርዱ ነበር። ሕጉ በመጀመሪያ ያልተጻፈ ስለ ነበረ ሕግ ነጋሪ የሚባል ሹም በቃሉ አጥንቶ ለሸንጎው ያሰማ ነበር። በ1000 ዓ.ም. ገደማም በዚሁ ሸንጎ ተማክረው ክርስትናን ተቀበሉ።

ስኖሪ በ1179 ዓ.ም. በምዕራብ አይስላንድ ክቫሙር በተባለ ስፍራ ተወለደ። ስቱርሉሶን ማለት የስቱርላ ልጅ ማለት ነው፤ የዚያ አገር ሰው እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራልና። አባቱ ስቱርላ ብርቱና ጠበኛ ባላባት ነበረ። አንድ ጊዜ የሚስቱን አባት ደግፎ ከአንድ ቄስ ጋር ስለ ውርስ ሲከራከር የቄሱ ሚስት ተቈጥታ በቢላዋ ዓይኑን ልታወጣው ቃጣች። ኦዲን በአፈ ታሪክ አንድ ዓይና ስለሆነ፥ ኦዲንን ለመምሰል ለሚመኝ ሰው ሁለት ዓይን ምን ያደርግለታል የሚል ፌዝ ነበረባት። ቢላዋው ግን ዓይኑን ስቶ ጉንጩን አቈሰለው። ስቱርላም ለቍስሉ ከመጠን ያለፈ ካሣ ጠየቀ።

ነገሩን የዳኘው በዘመኑ ከሁሉ የተከበረው ባላባት ዮን ሎፍትሶን ነው። ካሣውን ዝቅ አድርጎ ከፈረደ በኋላ፥ ስቱርላን ለማስታረቅ ሲል ገና ሕፃን የነበረውን ስኖሪን ወስዶ በቤቱ እንዲያሳድገው ጠየቀ። የዮን አያት ስሙ የተጠራ ሊቅ፥ እናቱም የኖርዌይ ንጉሥ ልጅ ነበረች። መኖሪያው ኦዲም በደሴቲቱ ውስጥ ከታወቁት የትምህርት ቦታዎች አንዱ ነበረ። እንግዲህ ስለ ኦዲን በተነገረ አንድ ክፉ ፌዝ ምክንያት፥ የኦዲንን ታሪክ ወደ ፊት የሚጽፈው ልጅ ወደ መጻሕፍት ቤት ገባ ማለት ነው።

ስኖሪ ሲያድግ ሀብትንም ሹመትንም እጅግ የሚወድ ሰው ሆነ። በ1199 ዓ.ም. ገደማ የአንድ ባለጸጋ ቄስ ልጅ አግብቶ ርስት አገኘ። በ1206 ዓ.ም. ገደማ ሬይክሆልት ወደተባለው ስፍራ ተዛውሮ ትልቅ ቤት ሠራ፤ ከምድር የሚፈላ የፍል ውኃም ስቦ መታጠቢያ ገንዳ ነበረው። በ1215 ዓ.ም. የሕግ ነጋሪነትን ሹመት ተቀበለ፤ ይህንንም ከፍተኛ ማዕርግ ሁለት ጊዜ ይዞታል።

በ1218 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ተሻገረ። ንጉሡ ሆኮን ገና ወጣት ስለ ነበረ አገሪቱን የሚያስተዳድረው መስፍኑ ስኩሊ ነበር። ሁለቱም ስኖሪን አከበሩት፤ ማዕርግና ስጦታም ሰጡት። እርሱም በበኩሉ የአይስላንድ ሰዎች ለኖርዌይ ንጉሥ እንዲገዙ ለማግባባት ቃል ገባ። በ1220 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ጉዳዩን አልገፋበትም። ይህ ያልተፈጸመ ቃል በመጨረሻ ብርቱ ዋጋ አስከፈለው።

ከመንገዱ እንደ ተመለሰ ኤዳ የተባለውን መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የቀድሞዎቹ የሰሜን ባለቅኔዎች ነገሩን በስሙ አይጠሩም ነበር። መርከብን የባሕር ፈረስ፥ ቅኔን የኦዲን መጠጥ፥ ወርቅን የሲፍ ጠጉር ይሉታል። የሲፍ ጠጉር ለምን ወርቅ እንደሚባል ለማወቅ ግን ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ይኸውም ሎኪ የተባለው ተንኰለኛ የቶርን ሚስት የሲፍን ጠጉር በተንኰል ቈረጠ፤ ቶር በተቈጣው ጊዜም ድንኮች የሆኑ አንጥረኞችን ለምኖ እንደ እውነተኛ ጠጉር የሚያድግ የወርቅ ጠጉር አሠራላት። ክርስትና ከገባ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ስለ ነበረ ወጣቶቹ ይህን የመሰለውን ታሪክ እየረሱት ሄዱ። ሰሙን ያላወቀ ወርቁን አያገኝምና የአያቶቻቸው ቅኔ የማይፈታ እንቈቅልሽ ሊሆንባቸው ነበር።

ስለዚህ ስኖሪ ትምህርቱን በጥያቄና በመልስ አቀረበው። ጊልፊ የተባለ ንጉሥ መልኩን ለውጦ፥ መንገደኛ መስሎ፥ በሦስት ዙፋን ላይ የተቀመጡ ሦስት ነገሥታትን ዓለም እንዴት እንደ ተፈጠረ፥ አማልክትም እነማን እንደሆኑ ይጠይቃል። እነርሱም ዓለም ኢሚር ከተባለው ግዙፍ ሰው ሥጋ እንደ ተሠራ፥ ኢግድራሲል የተባለው ታላቅ ዛፍም ዓለማትን እንደ ያዘ ይነግሩታል። ስለ መልካሙ ስለ ባልደር ሞትም ይተርኩለታል። እናቱ ፍሪግ ፍጥረት ሁሉ እንዳይጎዳው አስምላ፥ በሌላ ዛፍ ላይ የምትበቅለውን አንዲት ትንሽ ተክል ብቻ ለጋ ናት ብላ ተወቻት። ሎኪም ያችን ተክል ለዕውሩ ለሆድር ሰጥቶ ወንድሙን ባልደርን እንዲወጋ አደረገ። በመጨረሻም ራግናሮክ በሚባለው ጦርነት አማልክቱ ራሳቸው እንደሚሞቱና ምድር ከባሕር ተመልሳ እንደምትለመልም ይሰማል። በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ስኖሪ ንጉሡንና መስፍኑን የሚያወድስ፥ 102 አንጓዎች ያሉት የራሱን ቅኔ ለአብነት ጨምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። ስኖሪ ክርስቲያን ነበረ፤ በእነዚህ አማልክት አያምንም። በመጽሐፉ መቅድም ላይ አማልክት የተባሉት ከእስያ የመጡ ጥበበኞች ሰዎች እንደ ነበሩና ሕዝቡ በስሕተት እንዳመለካቸው ተርጕሟል። ወጣቶቹንም ታሪኩን እንዳያምኑት፥ ነገር ግን እንዳይጥሉትም መከራቸው። የማያምኑበትን ነገር ሳያጣምሙና ሳያቃጥሉ ለተከታይ ትውልድ መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። በትክክል ያደንቀነውም ይህንኑ ነው።

ደግሞም ሄይምስክሪንግላ የተባለው፥ ከጥንት አፈ ታሪክ ጀምሮ እስከ 1177 ዓ.ም. ድረስ የኖርዌይን ነገሥታት ታሪክ የሚናገረው መጽሐፍ የእርሱ ሥራ እንደሆነ ይታመናል።

የብዕሩ ሥራ እንዲህ ሲቃና የኑሮው ነገር ግን ተበላሸ። አይስላንድ በባላባቶች ጦርነት ታመሰች። ከወንድሙ ልጅ ጋር በተፈጠረው ጠብ ከቤቱ ተሰድዶ በ1237 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኖርዌይ ሄደ። በዚያም ንጉሥ ሆኮንና መስፍኑ ስኩሊ ተጣልተው አገኛቸው፤ እርሱም ወደ ስኩሊ አደላ። በ1239 ዓ.ም. ንጉሡ እንዳይሄድ ከልክሎት ሳለ ትእዛዙን ጥሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስኩሊ ዐምፆ በ1240 ዓ.ም. ሲገደል ስኖሪ እንደ ከዳተኛ ተቈጠረ። ንጉሡም ይዞ እንዲልከው፥ እምቢ ቢል እንዲገድለው ለጊሱር ቶርቫልድሶን ጻፈ። ጊሱር ቀድሞ የስኖሪ የልጁ ባል የነበረ ሰው ነው።

በ1241 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 23 ሌሊት ጊሱር ሰባ ያህል ሰዎች አስከትሎ ሬይክሆልትን ከበበ። ስኖሪ ወደ ምድር ቤት ሸሽቶ ተደበቀ። አምስት ሰዎች ገብተው አገኙት፤ እንዳይመቱት ቢለምንም አልማሩትም። ዕድሜው 62 ነበረ። ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ ከ1262 እስከ 1264 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ አይስላንድ ለኖርዌይ ንጉሥ ገባች።

ሰውየውን ያለ ነውር አድርገን ለማቅረብ አልፈለግንም። ገንዘብ ወዳድ ነበረ፤ ቃሉን አልጠበቀም፤ ከዘመዶቹ ጋር በርስት ተጣልቷል። የሰበሰበው ርስትም በገዳዮቹና በወራሾቹ እጅ ተበታተነ። በሌሊት ሻማ እያበራ የጻፈው ይሁን ለጸሐፊ እየነገረ ያስጻፈው፥ ከመጽሐፉ ግን የተበተነ የለም። በኡፕሳላ ከተማ የሚገኘው፥ ከሞቱ በኋላ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተገለበጠው ብራና ኤዳን ያዘጋጀው የስቱርላ ልጅ ስኖሪ መሆኑን ይመሰክራል። መጽሐፉ በ1665 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ታተመ። ንጉሧ እንዲገደል ያዘዘባት ኖርዌይም በ1947 ዓ.ም. ሐውልቱን ለሬይክሆልት በስጦታ ሰጠች። የፍል ውኃው ገንዳ ዛሬም በዚያው ስፍራ ይታያል።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን አንድ ነገር ነው። ስኖሪ ኤዳን የጻፈው ሁሉን ለሚያውቁ ሊቃውንት አልነበረም፤ ቅኔ መማር ለጀመሩ፥ የአባቶቻቸው ቃል ለተሰወረባቸው ልጆች ነው። መጽሐፉን የሚከፍተውም የሚያስተምር ሊቅ ሳይሆን የሚጠይቅ መንገደኛ ነው። ስለዚህ ከተጻፈ ስምንት መቶ ዓመት አልፎት፥ ስለ ኦዲንና ስለ ቶር ምንም የማያውቅ ጀማሪ ሲያነበው፥ ለእርሱ ታስቦ የተጻፈ ሆኖ ያገኘዋል።