አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ፤ ሰብስበው የሰጡ አባት

ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። አንዱ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ፣ ሌላው በፈረንሳይ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ወንበርና ጠረጴዛ በብዙ ገንዘብ እየገዛ ቤቱን ያስጌጣል። በአገራችንም፣ በደቡብ ወሎ በሐይቅ፣ ከ700 ዓመታት በፊት አንድ ታላቅ ሰብሳቢ ነበሩ። ይሁን እንጂ የሰበሰቡት ለራሳቸው አልነበረም። እኒህ አባት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ዳህና በሚባለው አገር ተወለዱ። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ወላጆቻቸውን ትተው በትግራይ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ገዳም ሄዱ፤ በአባ ዮሐኒ እጅም የምንኩስናን ልብስ ለበሱ። በዚያም ከጾሙና ከጸሎቱ ጋር መጻሕፍትን መጻፍ እንደ ተማሩ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ከአምባሰል ተራሮች ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሐይቅ መጡ። በሐይቁ መካከል በነበረችው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘችው ደሴት ላይ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ገዳም አቋቁመው ማኅበረ መነኮሳትን ሰበሰቡ። ገዳሙም ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ስፍራ ለዓመታት ተምረዋል፤ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ሂሩተ አምላክም የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ናቸው። ዐፄ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ከነገሡ በኋላ የገዳሙ ክብር ከፍ አለ፤ የሐይቅ አበምኔቶችም ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥት ታላቅ ስፍራ አገኙ።

ትምህርት ያለ መጽሐፍ አይጸናም። በዚያ ዘመን ደግሞ መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ቆዳው ተፍቆ ተወጥሮ ብራና እስኪሆን፣ ቀለሙ እስኪበጠበጥ፣ ብርዑ እስኪቀረጽ፣ ጸሓፊውም ቃል በቃል ጽፎ እስኪፈጽም ድረስ የወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። በዚህ ሁሉ ድካም መካከል አቡነ ኢየሱስ ሞዐ 85 ያህል መጻሕፍትን ለገዳማቸው ሰጡ። ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው፤ በውስጡ የእርሳቸው ሥዕል አለበት። የሰጧቸውም መጻሕፍት ዝርዝር በዚሁ ወንጌል ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት የመጻሕፍት መዝገቦች አንዱ ይኸው ነው።

አባታችን ገዳሙን ለ45 ዓመታት ያህል ከመሩ በኋላ በኅዳር 26 ቀን ዐረፉ። በ16ኛው መቶ ዓመት በተደረገው ጦርነት የገዳሙ ወርቅና ብር ተወሰደ፤ ወንጌሉ ግን ተርፎ ለዘመናችን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኔሶታ ከሚገኘው የቤኔዲክታውያን መነኮሳት የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብራ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ስታስነሣ፣ ይህም ወንጌል ከእነርሱ ጋር ተነሥቷል። ስለዚህ ሊቃውንት ከሩቅም ሆነው ሊመረምሩት ችለዋል።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በየቁምስናችንም የቀደሙ አባቶች ትተውልን የሄዱ መስቀል፣ ጽዋ፣ የብራና መጽሐፍና የጥምቀት መዝገብ አሉ። ብዙዎቹ በሣጥን ውስጥ ተረስተው ምስጥና እርጥበት ይበላቸዋል፤ አንዳንዱም ዋጋውን ለማያውቅ ሰው በጥቂት ብር ተታልሎ ይወሰዳል። ያልተመዘገበ ንብረት ሲጠፋ ጠያቂ የለውም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ መጽሐፉን ሲሰጡ ዝርዝሩንም አብረው ትተዋል። እኛም በእጃችን ያለውን ቈጥረን፣ ጽፈን፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ፊት አረጋግጠን ብናኖር፣ የልጅ ልጆቻችን የእኛ ነው ብለው የሚያሳዩት ነገር ይኖራቸዋል።