ቶልስቶይ የድርሰት መምህር ሆኖ

የሌቭ ኒኮላየቪች ቶልስቶይን ስም ያልሰማ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። «ጦርነትና ሰላም»ን እና «አና ካሬኒና»ን የጻፈ፣ ረጅም ነጭ ጢም ያለው የሩሲያ ሽማግሌ ሆኖ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ይኸው ሰው ጢሙ ገና ሳይሸብት፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከገበሬ ልጆች ጋር ተቀምጦ ድርሰት ያስተምር እንደ ነበረ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ነገ እኛም ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች «ድርሰት ጻፉ» ብለን የምናዝ ሰዎች ነንና፣ የዚህን ሰው የመምህርነት ሕይወት ማወቁ ለደራሲነቱ ከምንሰጠው አድናቆት የማይተናነስ ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶልስቶይ የተወለደው በ1828 ዓ.ም. ከሞስኮ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ ያስናያ ፖልያና በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። ወገኖቹ ባለማዕረግ መኳንንት ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ አባቱ ሞቱበትና በአክስቶቹ እጅ አደገ። በ1844 ካዛን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ትምህርቱ ግን አልሆነለትም፤ በ1847 ዲግሪ ሳይዝ ትቶት ወደ ርስቱ ተመለሰ። በ1849 ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ እሱም ሳይዘልቅ ቀረ። በ1851 ወደ ካውካሰስ ወርዶ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ተቀላቀለ። «ልጅነት» የተባለው የመጀመሪያ ሥራው በ1852 ታትሞ ስሙን አስጠራ፤ ቀጥሎም በሴቫስቶፖል ከበባ ጊዜ ያየውን ጽፎ በመላው ሩሲያ ታወቀ።

ታዲያ ይህ ገና በሠላሳ አንድ ዓመቱ ዝና ያገኘ ደራሲ በ1859 ምን አደረገ? ያስናያ ፖልያና ላይ ዳግመኛ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ የሩሲያ ገባር ገና ከነቤተሰቡ የባለርስቱ ንብረት ነበር፤ ነጻነቱ የታወጀው በ1861 ነው። እንግዲህ ቶልስቶይ ያለ አንዳች ክፍያ ያስተምራቸው የነበሩት የራሱን ገባሮች ልጆች ነበር።

ሥራውን ሲጀምር የማያውቀው ብዙ መሆኑን ስለ ተረዳ፣ በ1860 ወደ ውጭ አገር ሄዶ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በእንግሊዝና በቤልጅየም ተዘዋወረ፤ በየደረሰበትም ትምህርት ቤቶችን ተመለከተ። በዚሁ ጉዞ ላይ ታላቅ ወንድሙ ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተበት፤ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ጉዞውን አላቋረጠም። በጀርመን ኪሲንገን ከተማ ያየው ትምህርት ቤት አስደነገጠው፤ ልጆቹ ይመታሉ፣ ይፈራሉ፣ ሁሉን ነገር በቃላቸው ያነበንባሉ። በማርሴይ ደግሞ የሠራተኛው ሕዝብ ዕውቀት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ከቡና ቤቱ፣ ከጋዜጣውና ከቲያትሩ የተገኘ መስሎ ታየው። ቫይማር ሲደርስ የአንድ ክፍል ልጆች የጻፉትን ይዞ ለመሄድ ጠየቀ። ደብተሩ የወላጆች ገንዘብ ነው ቢባል፣ ወጣ ብሎ ወረቀት ገዝቶ መጣና ልጆቹ እንዲገለብጡለት አደረገ። ከዚህ እንደምንረዳው የልጅ ጽሑፍ ለዚህ ሰው የሚታረም ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሚጠና ነገር ነበረ።

በ1861 ሲመለስ ትምህርት ቤቱ እንደ ገና ተጧጧፈ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ አርባ ያህል ተማሪዎች ተመዝግበው፣ በየቀኑ ሠላሳ ያህሉ ይገኙ ነበር፤ የአብዛኞቹ ዕድሜ ከ7 እስከ 13 ነው። መምህራኑ አራት፣ የትምህርቱ ዓይነት ደግሞ አሥራ ሁለት ነበር። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል፤ ልጆቹ መጽሐፍና ደብተር ሳይሸከሙ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። የቤት ሥራ የለም፤ ቅጣት የለም። በመስኩ ላይ የተጀመረው ልፊያ ክፍል ድረስ ይዘልቃል፤ መምህሩ መጽሐፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ማንበብ ሲጀምር ሌላው ዝም በሉ እያለ ጫጫታው በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር በጫካው ውስጥ እየተጓዙ ይጨዋወታሉ። በእንደዚህ ያለ ምሽት አንድ ልጅ ሥዕል መሳል ለምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። ስለ አንድ ዛፍ ጥቅም ተጀምሮ፣ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ብቻ ሳይሆን ለውበቱም የሚፈለግ ነው እስከ ማለት ተደረሰ። የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት የገበሬ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳታቸው ቶልስቶይን አስገረመው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድርሰት ማስተማር ሲጀምር እሱም እንደማንኛችን ከቀላሉ ልነሣ አለ። ስለ ዳቦ ጻፉ፣ ስለ ጎጆ ጻፉ፣ ስለ ዛፍ ጻፉ ብሎ አዘዘ። ልጆቹ ግን ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። ኧረ እውነትም፣ ዳቦን ለማን ነው የሚገልጹት? ዳቦን ለሚያውቅ መምህር! የሚነግሩት ሰው በሌለበት፣ የሚነግሩት ጉዳይም በሌለበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ገጣጥሙ መባሉ ነው ያስጨነቃቸው።

መፍትሔው የመጣው ሳይታሰብ ነው። በበረዶው ወራት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሩሲያ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የተሰበሰቡበትን መጽሐፍ ሲያነብ ቆይቶ፣ መጽሐፉን እንደ ያዘ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። በአንዱ ምሳሌ ላይ ታሪክ የሚጽፍ ማነው? አለ። ምሳሌው በማንኪያ እያጎረሰ በእጀታው ዓይን ስለሚወጋ ሰው የሚናገር ነው፤ ቸርነት አድርጎ ሲያበቃ በቃል ስለሚያቆስል ሰው ማለት ነው። ልጆቹ ይህማ አይቻለንም፣ አንተው ጻፈው አሉት። እሱም ተቀመጠና ጀመረ፤ አንድ ገበሬ ለማኝ ሽማግሌ ቤቱ አስገብቶ ሲያበቃ በቸርነቱ ሲመጻደቅበት የሚያሳይ ታሪክ ነበር። ልጆቹ ከበውት በትከሻው ላይ እያዩ ያነባሉ። ሲያነብላቸውም አልወደዱትም። እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ ነው የሚሆነው እያሉ ማረም ጀመሩ። ታላቁ ደራሲ ያኔ ብዕሩን ይዞ የልጆቹ ጸሐፊ ሆነ፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል።

ጥቂት ቆይቶ ሌሎቹ ሲበታተኑ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ቶልስቶይ በጽሑፉ ስዮምካና ፌድካ ብሎ ይጠራቸዋል። ስዮምካ ዓይን ነበረው፤ የሰውየውን መልክ፣ ልብሱን፣ ቤቱን አንድ በአንድ ያያል። ፌድካ ደግሞ የሚያየው ልብን ነው፤ የማያስፈልግ ቃል ሲገባም ይቆጣል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ሠሩ። ረሃብም እንቅልፍም አልተሰማቸውም፤ እንዲያውም መምህራቸው መጻፉን ሲያቆም ተናደዱበት።

በዚያ ምሽት ፌድካ ከተናገራቸው ነገሮች አንዷን ማንሳት ይበቃል። በታሪኩ ውስጥ የገበሬው አበልጅ ከቤት ሊወጣ ሲል የሴት ካፖርት ደረብ አደረገ አለ። ለምን የሴት? ቢባል፣ የወንድ ቢሆን አያምርም ከማለት በቀር ማስረዳት አልቻለም። ቶልስቶይ ግን ቆይቶ ሲያስብበት ገባው። በዚያች አንዲት ልብስ ውስጥ ኮስማናው ሰውዬ፣ በቅርብ የተገኘውን አንስቶ የሚለብስበት ጠባብ ቤት፣ የብርዱ ምሽት፣ የገበሬው ኑሮ በሙሉ ይታያል። እንዲህ ያለውን ነገር መምህር ሊያስተምረው አይችልም፤ ሊገድለው ግን ይችላል። ፌድካ ያንን ቃል በደብተሩ ጽፎት ቢሆን ኖሮ አንዱ አራሚ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «የወንድ» ብሎ አያርመውም ነበር ማን ይላል?

ከዚያ በኋላ አንድ ጉዳት ደረሰ። ቶልስቶይ ለጥቂት ቀን ከቤት በወጣበት ጊዜ፣ ወረቀት እያጠፉ መጫወት የያዛቸው ልጆች የድርሰቱን ገጾች መጫወቻ አድርገው አጠፏቸው። ቶልስቶይ ክፉኛ አዘነ። ፌድካና ስዮምካ ግን እኛው እንጽፈዋለን አሉ። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ መጥተው የሥራ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፉ። መጀመሪያ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ኋላ ጸጥ አለ። በስድስት ሰዓት ቶልስቶይ ሲያንኳኳ ስዮምካ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይጽፋል፣ ፌድካ ትልቁ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ይናገራል። በመጀመሪያው ምሽት መምህሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ራሳቸው ተከፋፍለው ያዙት። ያም ታሪክ ቶልስቶይ በ1862 ያሳትመው በነበረውና በትምህርት ቤቱ መንደር ስም በሚጠራው መጽሔት ላይ ወጣ።

በዚያው መጽሔት ቶልስቶይ የገበሬ ልጆች ከእኛ ነው ወይስ እኛ ከእነሱ መጻፍ የምንማረው የሚል ጥያቄ ርእስ አድርጎ ስለ ጉዳዩ ጽፏል። ፌድካን ከጀርመኑ ባለቅኔ ከጎተ ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሷል፤ ይህ የተጋነነ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ያስቀመጣቸው ምክሮች እስከ ዛሬ ድረስ ለመምህር የሚጠቅሙ ናቸው። አንደኛ፣ ብዙና የተለያዩ ርእሶችን ማቅረብ፤ ርእሱም ለልጅ ተብሎ የቀለለ ሳይሆን መምህሩን ራሱን የሚስበው ቁም ነገር ይሁን። ሁለተኛ፣ ለልጆች የልጆችን ድርሰት ማስነበብ። ሦስተኛ፣ ድርሰት ሲመለከቱ ስለ ደብተር ንጽሕና፣ ስለ እጅ ጽሕፈትና ስለ ፊደል ግድፈት፣ ይልቁንም ስለ ዓረፍተ ነገር አሰካክ ለልጁ አለመናገር። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። የድርሰት ችግር በርዝመቱ ወይም በርእሱ ሳይሆን በሥራው ብዛት ነው። ከብዙ ሐሳብ አንዱን መምረጥ፣ ቃል መፈለግ፣ ቦታውን ማወቅ፣ የተጻፈውን አለመርሳት፣ የፊቱን ከኋላው ማያያዝ፣ በዚያው ላይ ደግሞ በእጅ መጻፍ! ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ልጅ ላይ ሲጫን ልጁ ይደነግጣል። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ አብዛኛውን ራሱ ይሸከም፤ ከዚያ አንድ በአንድ ለልጁ ያስረክበው።

እዚህ ላይ ሰዋስውና ፊደል ሊቀር ነው ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይቀርም። በያስናያ ፖልያና ሰዋስውና የእጅ ጽሕፈት የየራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። የተከለከለው በድርሰቱ ሰዓት ገብተው የልጁን አንደበት እንዲዘጉ ማድረግ ነው።

ትምህርት ቤቱ ዕድሜ አላገኘም። በሐምሌ 1862 ቶልስቶይ ለጤናው ወደ ሳማራ በሄደበት ጊዜ የመንግሥት ፖሊሶች ድብቅ ማተሚያ መኪና አለ ብለው ቤቱንና ትምህርት ቤቱን ሁለት ቀን በረበሩ፤ ያገኙት ነገር የለም። እሱም አዝኖ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአሌክሳንደር 2ኛ አቤት አለ። በመስከረም ወር ሶፊያ ቤርስን አገባ፤ መጽሔቱ ከ12 እትም በኋላ ቆመ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ከዚያ «ጦርነትና ሰላም» መጣ። ይሁንና ትምህርቱ ከልቡ አልወጣም፤ በ1872 የፊደል መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1875ም አሻሽሎ አወጣው፤ ብዙ የሩሲያ ልጆች ማንበብ የተማሩት በሱ ነው። ኋላ ስለ እምነቱ በጻፈው መጽሐፍ ግን፣ ምን ማስተማር እንደሚገባው ሳያውቅ ሊያስተምር መነሣቱን አንስቶ ራሱን ወቅሷል። በ1910 በ82 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ሲጓዝ በአንድ አነስተኛ የባቡር ጣቢያ ሞተ። የተቀበረው ያስናያ ፖልያና ጫካ ውስጥ ነው፤ መቃብሩ መስቀልም ሐውልትም የለውም። ፌድካ የተባለው ልጅ፣ እውነተኛ ስሙ ቫሲሊ ሞሮዞቭ፣ ሸምግሎ ስለ መምህሩ የትዝታ መጽሐፍ ጽፏል።

እንግዲህ እኛስ? እውነት ነው፣ ቶልስቶይ በዚያ ምሽት ፊቱ የነበሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ እኛን የሚጠብቀን ስልሳና ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ነው። ቢሆንም ለተግባር ማስተማር ስንወጣ አንድ ነገር መሞከር አይከብድም። «የዝናብ ጥቅም» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ከመቀመጥ ይልቅ፣ ከአያቶቻችን ከሰማናቸው ምሳሌዎች አንዱን እናንሣ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ቢሆን ይበቃል። ማናት? ከቆጡ ምን ፈለገች? ብብቷ ሥርስ ምን ነበር? ልጆቹ ይናገሩ፣ ይከራከሩ፤ ጠመኔው በእኛ እጅ ይሁን፣ ቃሉ ግን የእነሱ። በሁለተኛው ሳምንት ጠመኔውን ለአንዱ ተማሪ እንስጠው። በሦስተኛው በቡድን ይጻፉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው። የፊደል ግድፈቱን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት እናርማለን። ከየክፍሉ ደግሞ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ እንደዚህች ባለች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይለጠፍ፤ ልጅ የልጅን ጽሑፍ ያንብብ። በዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ልጅ ለምን እንደሆነ ማስረዳት የማይችለውን ቃል ሲናገር፣ ሳንሰርዝ እንጻፍለት።