ሳይታወቅለት የኖረው የፒት ማራቪች ልብ

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ስማቸው ከማይዘነጋ ተጫዋቾች አንዱ ፒት ማራቪች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በአሊኲፓ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፕሬስ ማራቪች አሠልጣኝ ነበሩና ኳስን ገና በልጅነቱ አስጨበጡት።

በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ83 ጨዋታዎች 3 ሺህ 667 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአማካይ በየጨዋታው ከ44 በላይ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሦስት ነጥብ አያሰጥም ነበርና ቁጥሩ የበለጠ ያስደንቃል። ከ1970 ጀምሮ ለ10 የውድድር ዘመናት በዋናው ሊግ ተጫወተ። በ1977 ኒውዮርክ ኒክስን ሲገጥም ብቻውን 68 ነጥብ አስቆጥሯል። ጉልበቱ ተጎድቶ ስለነበር በ1980 ውድድር አቆመ።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1988 በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የስፖርት አዳራሽ ለመዝናናት ሲጫወት ድንገት ወደቀ፤ አልተነሣም። ዕድሜው ገና 40 ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው በአስከሬን ምርመራ ነው። ልብ ራሱ ደም የሚያገኘው ከዋናው ደም ቅዳ በሚነሡ የግራና የቀኝ ቧንቧዎች ነው። ማራቪች ግን የግራው ሳይኖረው ተወልዷል። ሁለት ቦይ የሚያስፈልገው ማሳ በአንድ ቦይ ብቻ ሲጠጣ እንደኖረ ማለት ነው። ያ ልብ ያን ሁሉ ዓመት ሩጫ መቻሉ ይገርማል፤ የሚያስቆጨው ግን በሕይወት ሳለ አለመታወቁ ነው።

በዘመኑ ይህን አጥርቶ ለማየት ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ልብ አስገብቶ፣ መድኃኒት ረጭቶ በራጅ መመልከት ያስፈልግ ነበር። ጤነኛ በሚመስል ስፖርተኛ ላይ ማን ያደርገዋል? ዛሬ ቧንቧው ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ በሲቲ ስካን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የልብ አልትራሳውንድም አንዳንዴ ይጠቁማል፤ ተራው የልብ ምት ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ ይወጣል።

እንዲህ ያለ የአፈጣጠር ልዩነት የተገኘበት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ብዙው ዓይነት ጉዳት የለውም። በተለይ የግራው ቧንቧ ያለቦታው ተነሥቶ በሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች መካከል ሲያልፍ ግን አደገኛ ነው፤ ሐኪሞች መነሻውን በቀዶ ሕክምና ያስተካክላሉ፤ አንዳንዴም ለደሙ ሌላ መተላለፊያ ይሠራሉ። ሲሮጥ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚያስጨንቀው ሰው፣ ወጣት ቢሆንም እንኳ፣ ድካም ነው ብሎ ሳያልፍ ለሐኪም ሊናገር ይገባል።

ማራቪች በሞተበት ዓመት፣ እርሱ ትምህርቱን ለቅቆ ከወጣ በኋላ የተሠራው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ በስሙ ተሰየመ።