የሰዋስው መምህር ዶናቱስ

ኤልዩስ ዶናቱስ በ4ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ ሰዋስው ያስተምር የነበረ ሰው ነው። በሰሜን አፍሪካ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለተለዩት ወገኖች አለቃ ከነበረው ከሌላው ዶናቱስ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ354 ዓ.ም. ገደማ የመምህርነቱ ዝና በሮም ገንኖ ነበር።

ዶናቱስ የቪርጂልንና የቴረንስን መጻሕፍት ተርጕሟል። ለቪርጂል የጻፈው ትርጓሜ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ከሊቃውንት ሥራው ሁሉ ይልቅ ስሙን ያቆየለት ለጀማሪ ልጆች ያዘጋጃት ጥቂት ገጽ ያላት የሰዋስው መጽሐፍ ናት።

ይህች መጽሐፍ በጥያቄና በመልስ የተሠራች ናት። መምህሩ የንግግር ክፍሎች ስንት እንደ ሆኑ ይጠይቃል፤ ልጁም ስምንት መሆናቸውን መልሶ በተራ ይዘረዝራቸዋል። እነርሱም ስም፥ ተውላጠ ስም፥ ግስ፥ ተውሳከ ግስ፥ ከስምና ከግስ ጠባይ የሚካፈል ቃል፥ መስተጻምር፥ መስተዋድድና ቃለ አጋኖ ናቸው። ግሪኮች ከስም ፊት እየቆመ ስሙን የሚለየውን ትንሽ ቃል ከስምንቱ አንዱ አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ ላቲን ግን ይህ ቃል ስለሌለው ሮማውያን ቃለ አጋኖን ለብቻው አቁመው ስምንቱን ሞሉ።

ምሳሌዎቹም ከልጁ ዓይን የራቁ አይደሉም። ልጁ አስቀድሞ የሚያረባው ስም መምህር የሚለው ነው፤ አግዳሚ ወንበርና ካህን የሚሉትም ይከተላሉ። ለግስ ምሳሌ የሆነውም ማንበብ ነው። እንዲህም ልጁ የሚያየውንና የሚሠራውን እየጠራ ወንዱን ከሴቱ፥ ነጠላውን ከብዙው መለየት ይማራል።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ኋላ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒሞስ ነበር። ሄሮኒሞስ በ386 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ተቀመጠ። በዚያም መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፥ መልካሙን ነገር ሁሉ ቀድመው በተናገሩት በጥንት ሰዎች ላይ መምህሩ የተናገረውን ቀልድ አስታውሶ ጽፏል። በገዳሙም ሕፃናትን ሰብስቦ ሰዋስው ያስተምር ነበር። የቀድሞ ወዳጁ ሩፊኖስ ግን መነኵሴ ሆኖ ሳለ ለልጆች የአረማውያንን ግጥም ያስተምራል ብሎ በጽሑፍ ነቀፈው። ሆኖም ስምን ከግስ መለየት ያልቻለ ሰው ከልሳን ወደ ልሳን ሊተረጕም አይችልም፤ ሄሮኒሞስ በ405 ዓ.ም. ገደማ ከዕብራይስጥ ተርጕሞ ለፈጸመው ለብሉይ ኪዳን ሥራው የሚሆነውን ትምህርት የጀመረው በሮም፥ በዶናቱስ ዘንድ ነበር።

ትንሿ መጽሐፍ በምዕራብ አውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ የልጆች ማስተማሪያ ሆነች። በአንዳንድ አገርም የዶናቱስ ስም ለማንኛውም የጀማሪ መጽሐፍ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በ1450ዎቹ በማይንትስ የጉተንበርግ ማተሚያ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ ከታተሙት መጻሕፍት አንዷ እርሷ ነበረች፤ ደጋግማም ታትማለች። ነገር ግን ተማሪዎች ሲያገላብጧት አልቃለችና ከእነዚያ እትሞች ዛሬ የሚገኘው ቍርጥራጭ ብራና ነው፤ እርሱም ብዙው በሌሎች መጻሕፍት ድጕስ ውስጥ ተለጥፎ የተገኘ ነው። ሊቁ ለሊቃውንት ከጻፈው ከፊሉ ጠፍቶ ለሕፃናት የጻፈው መትረፉ፥ ጀማሪን ማስተማር ከሊቃውንት ሥራ የማያንስ መሆኑን ያስረዳል።